ከሩሲያኛ ወደ ሩሲያኛ

ወልድያ፣ በመርሳ መውጫ በኩል ካለው የጋሽ ደሳለኝ ጋራዥ አስተርጓሚ ሆኜ የገባሁት በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። የተቀጠርኩት ከሩሲያኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ነበር። በሥራ ገበታዬ ላይ የተናገርኩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ግን ከሩሲያኛ ወደ ሩሲያኛ ሆነ። ይህን ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ያጋነንኩ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ጋሽ ደሳለኝ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የገፉ ሰው ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ መንገዱ ሲከፈትና የሚጫነው ሲበዛ፣ ያላቸውን አሟጠው አሮጌ ኦራሎች ከውጭ አገር አስመጡ። ኦራል ማለት ወታደር ጭኖ ሲያልፍ ሁላችንም የምናውቀው፣ ጭቃም ዳገትም የማይመልሰው ትልቅ መኪና ነው። ሻጩ በአንድ ወቅት የሶቪየት ኅብረት አካል የነበረች የአንዲት አገር መከላከያ ሚኒስቴር ነበር፤ ያረጀበትን ንብረት እያወጣ ይሸጣል። የአገሪቱን ስም አልጠራም። ትንሽ አገር ናት፤ እዚያ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል።

ከመኪኖቹ ጋር ሁለት ባለሙያዎች መጡ። አንደኛው ግሪጎሪ ይባላል። በሚኒስቴሩ የተሽከርካሪ መምሪያ ሠርቶ በሻለቃነት ጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ቅባት ውስጥ ሊገባ እንኳ ጺሙን ሳይላጭ ከቤት የማይወጣ ሰው ነው። ሞተሩ የእሱ ነው። ሁለተኛው አናቶሊ ነው። አጭርና ደንዳና፣ የቀድሞ የበታች ሹም፤ ካምቢዮና ፍሬን ደግሞ የእሱ ድርሻ ናቸው። ሁለቱም የእኔ እኩዮች ስለሆኑ አንቱ አላልኳቸውም።

እኔ ወርቅነሽ እባላለሁ፤ የሐብሩ ልጅ ነኝ። በወጣትነቴ ሶቪየት ኅብረት ተልኬ የእንስሳት ሕክምና ተማርኩ፤ ተመልሼም ጡረታ እስክወጣ የሐብሩን ከብት ሳክም ኖርኩ። ሩሲያኛዬን የሚፈልግ ሰው ስላልነበረ እንዳይጠፋኝ ብዬ ላሞቹን በእሱ አነጋግራቸው ነበር። ቅር ብሏቸው አያውቅም። ጋሽ ደሳለኝ ወሬዬን ሰምተው ቤቴ ድረስ ሲመጡ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ሥራው ምን እንደሆነ በወጉ ሳልጠይቅ ነው እሺ ያልኩት።

እናም ያ ሰኞ። ሻለቃው የአንዱን ኦራል ኮፈን ከፍቶ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል። አናቶሊ እጁን ቢዘረጋ በሚነካው ቅርበት ቆሞ ጣቶቹን በጨርቅ ይጠርጋል።

«ቁልፉን ያቀብለኝ በይው» አለኝ ሻለቃው በሩሲያኛ።

የትኛውን መካኒክ እንደሆነ ለማየት ዞር ዞር አልኩ። በአካባቢው ማንም የለም። «ማንን?» አልኩት።

«እሱን» አለ፣ በአገጩ ወደ አናቶሊ እያመለከተ።

«በምን ቋንቋ?»

«በሩሲያኛ ነዋ። ሌላ ቋንቋ አያውቅም።»

አናቶሊ ሁሉንም ሰምቷል። ግን ዓይኑን የጋራዡ ቆርቆሮ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ቢቸግረኝ «ቁልፉን አቀብለው» አልኩት። ወዲያው ቁልፉን ከመሬት አነሳና ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ለሻለቃው አቀበልኩ።

ዋናው መካኒክ ሞላ የሚባል የመርሳ ሰው ነው፤ ነገር አያልፈውም። ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ምን ተባባሉ?» አለኝ።

«ቁልፍ አቀብለኝ።»

«እረግ፣ ይኼ ሁሉ ለቁልፍ? ሞተር የሚወርድ ቀንማ እርስዎም አይተርፉ» አለና እየሳቀ ሄደ።

ቀስ በቀስ ሥርዓቱ ገባኝ። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አገራቸው እያሉ በሚኒስቴሩ ጋራዥ ጸሐፊ በኩል ይነጋገሩ ነበር። እዚህ ደግሞ እኔ አለሁ። የጸሐፊዋን ቦታ ይዤ ነው የገባሁት ማለት ነው፤ ጋሽ ደሳለኝ ይህን ሲቀጥሩኝ አልነገሩኝም፤ እሳቸውም አያውቁም ነበር። ምክንያቱን ሻለቃውን ብጠይቀው «የግል ጉዳይ ነው» አለኝ። አናቶሊን ብጠይቀው «እሱን ጠይቂው» አለኝ።

የእኔም ጉድ ቀላል አልነበረም። ሩሲያኛው አልጠፋኝም፤ የመኪና ብልት ግን በሩሲያኛም በአማርኛም አላውቅም። የማውቀው የበሬ ብልት ነው። ስለዚህ ሻለቃው አንድ ነገር ባሳየኝ ቁጥር ከበሬው ላይ የሚመሳሰለውን ፈልጌ እሰጣለሁ። «የኋላ ቀኝ እግሩ መገጣጠሚያ ደርቋል» እላለሁ፤ ሞላ «ኩሽኔታው ቅባት ጨርሷል ማለት ነው» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። «ሳምባው ታፍኗል» እላለሁ፤ «የአየር ማጣሪያው ነው» ይላል። ብዙም ሳይቆይ መካኒኮቹ ሁሉ በእኔ ቋንቋ መናገር ጀመሩ። አንድ ቀን ጋሽ ደሳለኝ መኪና ሥር የተኛ መካኒክ ምን እየሠራ እንደሆነ ቢጠይቁት «ጨጓራውን እያጠብኩለት ነው» አላቸው።

ወዲያው አስጠሩኝ። «ወርቄ፣ እኔ የገዛሁት መኪና ነው» አሉኝ። «እባክሽ እንደ መኪና ይታከምልኝ።»

እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ከሞላ ሥር ሥር እየሄድኩ ካምቢዮን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንን ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራን ባሌስትራ ማለት ተማርኩ። አዲስ ሥራ የሚጀምር አስተርጓሚ መጽሐፍ ከማገላበጡ በፊት ከሠራተኛው አጠገብ ይዋል። እኔን የጠቀመኝ ይኼ ነው።

ምሳ ሰዓት የሻለቃው ሰዓት ነው። ሽሮው ቀርቦ ሁላችንም ስንከበው፣ ስለ ሚኒስቴሩ ማውራት ይጀምራል። ሠርቶበታል፣ ይወደዋል፣ ደግሞም የሚሰማው ሰው ካገኘ ቆይቷል። መካኒኮቹ የማይሰለቹ ሰሚዎች ሆኑለት። እኔ አንድ ጉርሻ ስውጥ እሱ አንድ ዘመን ያልፋል፤ እየተረጎምኩ ጠግቤ የተነሳሁበት ምሳ ትዝ አይለኝም።

«መከላከያ ሚኒስቴርና ጦር አንድ አይደሉም» ይላል ጣቱን ቀስሮ። «ጦሩን የሚያዘው ኤታማዦር ሹሙ ነው። ሚኒስቴሩ በጀቱን፣ ስንቁን፣ ልብሱን፣ ተሽከርካሪውን ያሰናዳል። ጦሩ መንግሥት ካዘዘው ውጭ እንዳይሄድም ይጠብቃል።»

«ሚኒስቴሩ ባለመሬት፣ ኤታማዦር ሹሙ አራሽ ማለት ነዋ» አለ ሞላ።

ተረጎምኩለት። ሻለቃው ማንኪያውን አስቀምጦ አሰበበት። «ልክ ነው» አለ። «ግን አራሹ ጠመንጃ አለው። ስለዚህ ባለመሬቱ ትሕትና ያስፈልገዋል።»

ይህ በጣም ተወደደ። ሌላ ቀን አንዱ መካኒክ ሚኒስትሩ ስንት ጊዜ እንደዘመተ ጠየቀ። ሻለቃው የአሁኑ ሚኒስትር ሲቪል እንደሆነና ዘምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ጉርምርምታ ተነሳ። «ታዲያ መሣሪያ ሲገዛ ምኑን ያውቃል?» አለ መካኒኩ። «አያውቅም» አለ ሻለቃው ደስ ብሎት። «እኛን የቀጠረን ለዚያ ነዋ።» ሌላው ደግሞ ሚኒስትሩ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩም ወዴት እንደሆነ ጠየቀ። ይህኛውን ስተረጉም ሻለቃው «እዚህም እንዲሁ ነው እንዴ?» አለኝ።

አናቶሊ ከእኛው ገበታ ይበላል፤ ሞላ ለብቻው አስቀምጦ ማብላት ነውር ነው ብሎ ወንበሩን ጎትቶ ስላመጣው ነው። ትሪው ላይ ግን የራሱን ድንበር ይዞ፣ ዓይኑን ሳያነሳ ይበላል። ሻለቃው ስለ ድሮው ኅብረት ሲያወራ ዝም ብሎ ይሰማል። ስለ በጀትና ስለ ስንቅ ሲያወራም ይሰማል። ሚኒስቴሩ ወደ ተመሠረተበት ዓመት ሲደርስ ግን እጁን ይታጠብና ይወጣል። ሁልጊዜ እዚያው ጋ።

«ይኼ ሰው እዚያ ዓመት ላይ የሆነ ነገር ጥሏል» አለኝ ሞላ አንድ ቀን። እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር፤ ግን አስተርጓሚ ያልተባለውን አይጠይቅም ብዬ ተውኩት።

የመጀመሪያው ኦራል ተጠግኖ ሲነሳ ወደ ውርጌሳ ወስደን እንሞክረው ተባለ። ሻለቃው ሊነዳ ተቀመጠ። አናቶሊ የፍሬኑን ድምፅ ሊያዳምጥ በመስኮቱ በኩል ሆነ። እኔ መሀላቸው ተጣበቅኩ። ከወልድያ እስከ መርሳ መንገዱ ሰላም ነበር፤ «መስኮቱን ይዝጋው በይው»፣ «ይሞቀኛል በይው» እየተባባሉ እኔም እያመላለስኩ ደረስን።

መርሳን አልፈን አንዱን ቁልቁለት ስንጀምር አናቶሊ ጆሮውን ወደ ወለሉ አዘነበለ።

«የፍሬኑ ንፋስ እየወረደ ነው በይው። ቶሎ ማርሽ ይቀንስ።»

ሻለቃው ሰምቷል። ጆሮው ሲቀላ አይቻለሁ። ቢሆንም ከእኔ አፍ እስኪወጣ ጠበቀ። እኔ ደግሞ ልክ በዚያች ቅጽበት ከፊታችን የማሽላ አገዳ የተጫነች አህያ የምትነዳ ሴት አየሁና ቋንቋዎቼ ሁሉ ተደባለቁብኝ። «ማርሽ ቀንስ» ብዬ ጮህኩ፤ በአማርኛ። ወደ ሩሲያኛው እስክመለስ ፍሬኑ ባዶ ሆኗል።

ሻለቃው ሴትዮዋንና አህያዋን አድኖ መሪውን ወደ ጎን ጠመዘዘ። ኦራሉ መንገዱን ለቆ የደረሰ ማሽላ መሀል ገባ፤ እያጨደ፣ እያጨደ ሄዶ በራሱ ጊዜ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። አህያዋ ዞራ አየችንና መንገዷን ቀጠለች።

«ደህና ነው ወይ? ጠይቂው» አለ ሻለቃው።

«ደህና ነኝ በይው» አለ አናቶሊ።

እኔ ደህና መሆኔን የጠየቀ የለም።

የማሽላው ባለቤት ሼህ ሰይድ ሆነው ተገኙ። በሐብሩ ሼህ ሰይድን የማያውቅ የለም፤ የተጣላ የሚያስታርቁ ትልቅ ሰው ናቸው። ከነበትራቸው ቀስ ብለው መጡ፤ መጀመሪያ እርሻቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

«አንቺ የከብት ሐኪሟ አይደለሽ?» አሉኝ። «አብሽሪ፣ ማንም አልሞተም። ምን አገኛችሁ?»

የሆነውን ነገርኳቸው። ሁለቱ ስለማይነጋገሩ ቃሉ በእኔ በኩል ሲዞር ጊዜ እንዳለፈ አልደበቅኩም።

«ቋንቋቸው ይለያያል?»

«ኧረ አንድ ነው፣ ሼህዬ።»

«ታዲያ አንቺ መሀል ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ ለእኔ ጨዋታ ነበር። እዚያ የተነጠፈ ማሽላ ላይ ቆሜ ግን አፈርኩ።

ጋሽ ደሳለኝ በባጃጅ ደርሰው ካሣ ይቆረጥብኝ ሲሉ ሼህ ሰይድ እጃቸውን አወዛወዙ። «ካሣዬ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አሉ። «ቅዳሜ ከማንጎዬ ጥላ ሥር አምጡልኝ።»

ያን ዕለት ማታ አናቶሊ ሻንጣውን አዘጋጀ። እሑድ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሊገባ፣ ከዚያ ወደ አገሩ ሊበር ቆርጧል። «ሰው ልንገድል ነበር በይው» አለኝ። «ከዚህ በኋላ አብሬው አልሠራም በይው።» ነገርኩት። ሻለቃው ለማለት የሚችለውን ሁሉ ሲፈልግ ቆይቶ «መንገዱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ካፖርት ይያዝ በይው» አለኝ።

ጋሽ ደሳለኝ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ወርቄ፣ አንደኛው ያለ ሌላኛው ግማሽ ነው» አሉኝ። «ሞተር ኖሮት ፍሬን የሌለው መኪና ምን አደርግበታለሁ? ጋራዡን ዘግቼ ሠራተኛውን መበተኔ ነው።» የእሳቸው ጭንቀት ገብቶኛል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላም ነበር። በቀደም የሻለቃው ጃኬት ወድቆ፣ ማንም የማያየው ሲመስለው አናቶሊ አንስቶ አቧራውን አራግፎ ሲሰቅለው አይቻለሁ። ጠላቱን እንዲያ የሚያደርግ ሰው የለም። ይህ ሰው እንዲሁ ተነስቶ ከሄደ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ዳግመኛ አይገናኙም።

ቅዳሜ ጠዋት መርሳ ዳር ካለው የሼህ ሰይድ የፍራፍሬ ማሳ ተሰበሰብን። ሼህ ሰይድ የማስታረቅ ባልደረባቸውን አባ ወልዴን አስጠርተዋል፤ አባ ወልዴ የመርሳ ቄስ ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያላስታረቁት የአካባቢው ባልና ሚስት ጥቂት ነው። አናቶሊ ለሽማግሌዎቹ ክብር ሲል መጣ፤ ሻንጣውን ግን ይዞ ነው የመጣው፤ ከዚያ ቀጥታ ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ሊያድር አስቧል። ጋሽ ደሳለኝና ሞላ ከኋላ ተቀመጡ። እኔ እንደተለመደው መሀል።

ሼህ ሰይድ ዱዓ አደረጉ፤ አሚን አልን። አባ ወልዴ ጸሎት አደረሱ፤ አሜን አልን። ሻለቃው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ፍርድ ቤት ነው?» አለኝ።

«ፍርድ ቤት ይሻልሃል» አልኩት። «እዚያ ይግባኝ አለ።»

«ከሥሩ ይጀምር» አሉ ሼህ ሰይድ።

ይህ ለሻለቃው ሠርግ ነው። ከኅብረቱ አመሠራረት ተነሳ። ፀሐይዋ ከማንጎው አናት በላይ እስክትሆን አልጨረሰም። ሽማግሌዎቹ ሳይሰለቹ እየሰሙ፣ ነገሩን ወደሚያውቁት መልክ እያመጡ ይይዙታል።

«እንግዲህ አባት ሞተ» አሉ አባ ወልዴ። «ልጆቹ ስንት ናቸው?»

«አሥራ አምስት» አለ ሻለቃው።

«እረግ! ከአንዲት ሚስት?»

ስተረጉምለት ሳቀ። «ከአንዲት። ግን ታላቅ ወንድም ቤቱንም ዕቃውንም ልውሰድ አለ።»

«እሱስ በየቤቱ ያለ ነው» አሉ ሼህ ሰይድ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ጦሩንሳ እንዴት አድርጋችሁ ተካፈላችሁት?»

«በቆመበት። ታንኩ የቆመበት አገር ታንኩን ወሰደ። ወታደሩ ደግሞ ይምረጥ ተባለ።»

«መርከቡስ?»

«ባሕር ያለው ወሰደ።»

«ባሕር የሌለውስ?»

«ለእኛ አንድ መልሕቅ ደረሰን» አለ ሻለቃው። «ሚኒስቴሩ በር ላይ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ ፎቶ ይነሳበታል።»

ሞላ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ። ሼህ ሰይድ ግን አልሳቁም። «ይኼ ሁሉ ሲሆን ጥይት አልተተኮሰም?» ብለው ጠየቁ።

«እኛ ጋ አልተተኮሰም። ሌሎቹ ጋ ተተኩሷል።»

ይህን ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ደሳለኝ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እዚያ የተቀመጥን ሁሉ የምናስበውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማስተርጎም አላስፈለገውም።

ሻለቃው ቀስ ብሎ ቀጠለ። «ሚኒስቴሩ ሲመሠረት የተዋሳቸው ጥቂት ክፍሎችና አንድ ስልክ ነበሩት። ስልኩ ሲጠራ ማን ነን እንደምንል ስለማናውቅ ‹አቤት› ብቻ እንል ነበር። መለያ ልብስ አልነበረንም፤ የድሮውን ልብስ፣ የቁልፎቹን ኮከብ በሞረድ ፍቀን ለበስን። ከዚያ ሁሉም ወታደር ለአዲሱ አገር ቃለ መሐላ ይግባ ተባለ።»

አናቶሊ ሊነሳ ተቁነጠነጠ። አባ ወልዴ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርገው «ተቀመጥ ልጄ» አሉት። አልተረጎምኩም፤ ተቀመጠ።

አባ ወልዴን የመሐላው ነገር ከብዷቸዋል። «ሰው ሁለት ጊዜ ይምላል ወይ?» አሉ።

«መጀመሪያ የማልንለት አገር በካርታ ላይ የለም» አለ ሻለቃው። «መሐላው ማን ዘንድ ይቆይ?»

አባ ወልዴ ረጅም ጊዜ አሰቡ። «እንግዲያስ ባለቤቱ ሞቷል፤ ተፈታችኋል» አሉ። ሻለቃው ሲተረጎምለት ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሕይወቱ ይህን ፈቃድ የሰጠው ሰው አልነበረም መሰለኝ።

«እኔ በመሐላው አልተቀየምኩም» አለ አናቶሊ በድንገት። ለእኔ ነው የተናገረው፤ ድምፁ ግን ለሁሉም ነበር። «ከአንድ ግቢ ነበርን። ያኔ እሱ መቶ አለቃ ነበር፣ እኔ በእሱ ሥር። እንደ ወንድም ነበርን። ከመሐላው ሰልፍ በፊት ‹የምናደርገውን አብረን እናደርጋለን› ተባባልን። በነጋው መኮንኖቹ ቀድመው ተጠሩ፤ እሱ ወጥቶ ማለ። ከዚያ ‹ሌላ ሪፐብሊክ የተወለዳችሁ ወደ ጎን ውጡ፤ መማል የፈለገ ይመለስ› ተባለ። እኔ የተወለድኩት ድንበሩን ተሻግሮ ነው። ወጣሁ። አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል። ሻንጣዬን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። መንገዱ ረጅም ነበር፤ ሆን ብዬ በዝግታ ሄድኩ። ‹ቁም› ቢለኝ እመለስ ነበር።»

ዓመታት ካለፉ በኋላ ወደዚያችው አገር ተመልሶ ሥራ ሲፈልግ፣ የተገኘው የሚኒስቴሩ ጋራዥ ነበር፤ አለቃው ደግሞ ግሪጎሪ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነጋገሩም። ይህን ሁሉ ተረጎምኩላቸው።

«ለምን አልጠራኸውም?» አሉ ሼህ ሰይድ።

«ሰልፍ ላይ ነበርኩ» አለ ሻለቃው። «ሰልፍ ላይ አይወራም።»

ሼህ ሰይድ ዝም ብለው አዩት። አዩት፣ አዩት። እሱም ትከሻው ወረደ።

«ቢሰማኝ ይመለሳል ብዬ ፈራሁ» አለ። «ያ ሚኒስቴር አንድ ስልክ ነበረው። በሳምንቱ ይፈርሳል ብዬ ነበር የማስበው። ሲፈርስ የሚታሰሩት የማሉት ናቸው። እኔ ባለ ቤተሰብ ነበርኩ፤ መሄጃ አልነበረኝም። እሱ ግን ነበረው። ልጥራውና አብሮኝ ይጥፋ? ደግሞ ሳይፈርስ ቀረ። ሳይፈርስ በቀረ ቁጥር ይበልጥ አፈርኩ።»

አናቶሊ ይህን ሰምቶ አያውቅም። ፊቱ ላይ ያየሁትን ለመግለጽ አልሞክርም።

ሼህ ሰይድና አባ ወልዴ ጆሮ ለጆሮ ተነጋገሩ። ከዚያ ሼህ ሰይድ በትራቸውን መሬት ላይ ቸከሉ። «ቃሉስ ነበረ፤ ከአፍ አልወጣም እንጂ» አሉ። «ዛሬ ይውጣ። አናቶሊ፣ ሻንጣህን ይዘህ ወደ አጥሩ በር ሂድ። አንተ ደግሞ ያን ቀን የቀረብህን በል።»

ተረጎምኩ። አናቶሊ ያበድን መስሎት አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ሻንጣውን አነሳና በማንጎዎቹ መሀል መራመድ ጀመረ። ሻለቃው ተነሳ። እጆቹን እንደ ሰልፍ ከሱሪው ስፌት ጋር ለጥፎ ቆመ። አፉ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን የለም። ወደ እኔ ዞረ።

«ቁም በይው» አለኝ።

በሩሲያኛ አጭር ቃል ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ንገሪው እንጂ። እየሄደ ነው።»

በርጩማዬን አንስቼ ወደ ኋላ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ሳብኩና ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። ጋሽ ደሳለኝ ደንግጠው አፈጠጡብኝ፤ የቀጠሩኝ ለዝምታ አይደለም። አናቶሊ አጥሩ ጋ ደርሶ እጁን ወደ መቀርቀሪያው ሰደደ።

«ቶሊያ» አለ ሻለቃው። የአናቶሊ የቁልምጫ ስሙ ነው፤ ከእሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም። «ቶሊያ፣ ቁም። አትሂድ።»

አናቶሊ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠን ብዙ ቆየ። ከዚያ ዞረና፣ እኔን ሳይሆን እሱን እያየ፣ «ዘገየህ» አለው። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምን አለው?» አሉኝ ሼህ ሰይድ ጎንበስ ብለው።

«የራሳቸው ነው» አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር፤ አላፈርኩበትም።

አናቶሊ እሑድ አልተሳፈረም። የተረፈውን የሼህ ሰይድን ማሽላ እሱና ሻለቃው ከሞላ ጋር ሆነው አጨዱ፤ ቀጥሎም ኦራሎቹን አንድ በአንድ አስነሱ። አሁን ሁለቱ ቀኑን ሙሉ በቀጥታ ይጨቃጨቃሉ። ሞላ ስድባቸውን እንድተረጉምለት ይለምነኛል፤ እምቢ እለዋለሁ። ሥራዬ በግማሽ ቀንሷል፤ ጋሽ ደሳለኝም ይህንኑ አስተውለዋል።

ለወጣት አስተርጓሚዎች የምለው አንድ ነገር ነው። የምንቀጠረው ሰዎች እንዲነጋገሩ ነው። ያለ እኛ መነጋገር በቻሉ ሰዓት ዝም ማለት አለብን።